ስም እየተጠራ የታየው ፊልም

ወንድሜ የሠራውን ፊልም አዳማ ላይ ሁለት መቶ የሚያህል ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ አይቶታል። አዲስ አበባ ላይ ሲታይ ግማሹ ተመልካች በመሃል እየተነሳ እንደወጣ ራሱ ነግሮኛል። እኛ ጋ አንድ ሰው አልወጣም። ከአዲስ አበባ አብሮት የመጣው የፊልም መምህር፣ በአዳማ ሙቀት አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ ሰውዬ፣ «እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ ተመልካች በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም» ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ምን ልበለው? ሰዉ ያልወጣው መጨረሻ ላይ ስም ስለሚጠራ ነው ልበለው? «አዎ፣ የእኛ ሰው ፊልም ይወዳል» አልኩት።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከአባባ ሞት ልጀምር።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። አዳማ ላይ መጋረጃ ጌጥ አይደለም፤ የከሰዓቱን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ከሶፋ በፊት መጋረጃ ነው የሚገዛው። ወንድሜ ከእኔ በስምንት ዓመት ያንሳል። አዝዬ ነው ያሳደግኩት፣ ያም ሆኖ ምን እንደሚያስብ ገብቶኝ አያውቅም። ልጅ ሆኖ ጉንዳን ሲያይ ይውላል፤ አድጎም ጉንዳን ማየቱን በካሜራ ቀጠለ። ህንድ አገር ድረስ ሄዶ ፊልም ተማረ። አባባ የሞተው እሱ እዚያ እያለ፣ ትምህርቱን ሊጨርስ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ነው።

እንዳይነገረው የወሰንኩት እኔ ነኝ። በቤታችን የሚወሰነውን የምወስነው እኔ መሆኔን እማዬም ትመሰክራለች፣ ባትወደውም። ሽማግሌዎቹም ደግፈውኛል። ሰው በባዕድ አገር፣ ከጎኑ የሚይዘው ዘመድ በሌለበት፣ በስልክ መርዶ አይነገረውም። ፈተናውን ይጨርስ፣ ይምጣ፣ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ያርዳዋል። ይሄ ወግ ነው፤ ማንንም ብትጠይቁ ልክ ነሽ ይለኛል።

ወጉ ጥሩ ነው፤ ችግሩ በየእሁዱ የሚዋሸው ሰው እኔ መሆኔ ነበር። የመጀመሪያው እሁድ ደውዬ «አባባ ተኝቷል» አልኩት። በሁለተኛው እሁድም ተኝቷል ማለት ስላስፈራኝ ጉልበቱን ብሎ ሶደሬ ፍል ውሃ ሄዷል አልኩ። በሦስተኛው ደራ ለቅሶ ሄዷል። ሟችን ለቅሶ የሰደደች ሴት ከእኔ በፊት መኖሯን እጠራጠራለሁ። በአራተኛው አንድ የድሮ ጓደኛውን ለመጠየቅ ቡልቡላ ወርዷል። አባባ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ከበረንዳው ወንበር ተነስቶ እስከ አጥሩ በር ለመሄድ ይለግም ነበር። ከሞተ በኋላ ስምጥ ሸለቆን አዳረሰው።

ወንድሜ የመጣው አርባው ከወጣ በኋላ ነው። በማለዳ አረዳነው። ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ድንኳኑ ከተነቀለ ቆይቷል፤ ወንበሩም ወደ እድሩ ተመልሷል። እኛ አልቅሰን ጨርሰን ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን እንባ እንደ መጀመሪያው እሺ አይልም። ትንሽ አለቀሰ። የሥራ ቀን ስለነበር አንዱ ዘመዳችን ሰዓቱን አየ። ወንድሜም ሲያይ አየው። ከዚያ ተነስቶ ፊቱን ታጠበና «ቁርስ አለ?» አለ። እኛም ልጁ ጠንካራ ነው ተባባልንና ተበተንን።

በዚያ ነገር ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቢሰድበኝ እመልስለት ነበር፤ ስድብ መመለስ እችልበታለሁ። ቢያኮርፈኝ ደግሞ ሽማግሌ እልክ ነበር። እሱ ግን በየበዓሉ ይመጣል፣ ይስመኛል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ይቅር ብሎኝ ይሁን ቂም ይዞብኝ፣ ይሄን ሳላውቅ ሦስት ዓመት መጋረጃ ሰፋሁ። ለመጠየቅ ደግሞ ፈራሁ። እኔ! የሰፈሩ ሰው የሚፈራኝ ሴትዮ!

አንድ ቀን ደወለና «ፊልሜን አዳማ ላይ ላሳየው ነው፤ አዳራሹን በሰው ሙይልኝ» አለኝ።

«ስለ ምንድነው?»

«ስለ አንድ ቤት። አባት የሞተበት።»

ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም። አዳራሹን እንደምሞላው ግን ማልኩለት። የበደልኩትን ልክሰው ያገኘሁት ዕድል ይሄ ነው ብዬ አሰብኩ።

ታዲያ በእኛ ሰፈር ሁለት መቶ ሰው በአንድ ቃል ከቤቱ የሚያስወጣ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የእድሩ ጡሩምባ። ጡሩምባ ነፊው ቤት ሄጄ አስረዳሁት፤ ፊልም ነው፣ በነፃ ነው፣ ወንድሜ ነው የሠራው። ደስ አለው። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሞት ብቻ ለፈፍኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ደህና ነገር ልናገር» አለኝ። ሦስት ጊዜ አስጠናሁት። ምላሱ ግን የሃያ ዓመት ልማድ አለበት። ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ጡሩምባውን ነፋና በለመደው ዜማ ለቀቀው፦ «እድርተኞች! የሾፌሩ ቤት! ነገ እሁድ፣ በስምንት ሰዓት፣ አዳራሽ! እንዳትቀሩ!» ፊልም የሚለው ነገር ትዝ ያለው ሦስተኛው መንደር ሲደርስ ነው። ሁለቱ መንደሮች በሾፌሩ ቤት ሌላ ሰው ሞቷል ብለው ተነሱ።

በሾፌሩ ቤት ለመሞት ደግሞ በዕድሜ ቀዳሚዋ እማዬ ናት። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት የእድር ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች በራችን ላይ ደረሰች። በሩን የከፈተችላት እማዬ ነበረች፣ መጥረጊያ ይዛ። ሴትዮዋ ልቅሶዋን በግማሽ አቆመችው።

«አሉ እንዴ?»

«አለሁ እንጂ። ማን ሞተ?» አለች እማዬ፤ መልሱንም ሳትጠብቅ ነጠላዋን ፍለጋ ወደ ቤት ገባች። ለማን እንደምታለቅስ ብታውቅም ባታውቅም፣ ሰው ካለቀሰ እሷ መቅረት አትወድም።

እየሮጥኩ የእድሩ ዳኛ ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ ስህተት ነው፤ የሞተ ሰው የለም፣ ያስተባብሉልኝ» አልኳቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ መነጽራቸውን አደረጉና የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ አወጡ። ጣታቸውን እየጎተቱ አነበቡና ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ደንቡ ጡሩምባ በተነፋበት ጉዳይ ሁሉ አባል ይገኛል፣ ስምም ይጠራል ነው የሚለው። ሟች መኖር አለበት አይልም።»

«ፊልም እኮ ነው፣ ጋሼ!»

«ይሁና። ጡሩምባው ተነፍቷል። ስም በመጀመሪያና በመጨረሻ ይጠራል፤ በመሃል የሚሾልክ እንዳይኖር።»

ልከራከር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በመሃል የሚሾልክ የለም! ጥቅሜን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

እሁድ በስምንት ሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። እኩሌታው ፊልም ሊያይ፣ እኩሌታው ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ነው። ለሁሉም ይሁን ብሎ ማንም ባዶ እጁን አልመጣም። ዳቦ፣ ንፍሮ፣ በፔርሙዝ ሻይ። አዴ ብለን የምንጠራቸው የጎን ጎረቤታችን ሁለት ትልልቅ ዳቦ በሻሽ ጠቅልለው፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ታቅፈው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። አዴ ሙስሊም ናቸው፣ የአርሲ ሰው፤ በእድራችን ግን እሳቸውን የሚቀድም ሐዘንተኛ አላየሁም። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ስክሪኑ ፊት ቆመና ስም መጥራት ጀመረ። ሰዉም «አቤት!» «አቤት!» ይላል። ወንድሜ ደንግጦ ወደ እኔ መጣ።

«ምንድነው ይሄ?»

«የመግቢያ ቁጥጥር ነው» አልኩት፣ ዓይኔን ሳላሽ። እሱን መዋሸት እጄ ላይ ያለ ሙያ ሆኗል። ባለ ሻርፑ ሰውዬ ነገሩን አድንቆ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

መብራት ጠፋ፣ ፊልሙ ጀመረ። የመጀመሪያው ምስል መጋረጃ ነው። የራሴ መጋረጃ፣ የሳሎናችን፣ ቡና ዓይነቱ። ለካ በየበዓሉ ሲመጣ ካሜራ የሚደቅነው ለዚህ ኖሯል። ነፋስ ገፋ ያደርገዋል፣ ይመልሰዋል። ሌላ ምንም የለም። አንድ ደቂቃ አለፈ። በግራ በኩል እጥፋቱ ላይ ስፌቱ መዛባቱን አየሁ። ይሄን ያህል ጊዜ ሰው ፊት እንደሚቆም ባውቅ ተርትሬ እሰፋው ነበር። ሁለት ደቂቃ አለፈ።

«ኔትወርክ ጠፋ» አለ ከኋላዬ አንድ ሰው።

«አልጠፋም፤ መጋረጃው እኮ ይንቀሳቀሳል።»

«ታዲያ ከመጋረጃው ጀርባ ማነው ያለው?»

ይሄ ጥያቄ አዳራሹን አነቃው። ሰው ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ የሚወጣውን መጠበቅ ጀመረ። አንዱ ሌባ ነው አለ፤ ሌላው ሌባማ ቢሆን እስካሁን ይዞ ይሄድ ነበር አለ። አንዲት ሴት «ውጣ!» ብላ ጮኸች። በአራተኛው ደቂቃ ምስሉ ተቀየረና በር አጠገብ የተቀመጡ የወንድ ጫማዎች መጡ። «ይኸው ጫማው! አውልቆ ነው የገባው!» አለ ያ ከኋላዬ ያለው። የአባባ ጫማዎች ነበሩ። እማዬ እስከ ዛሬ ከበሩ አላነሳቻቸውም። ሰዉ ግን ሌባውን ፍለጋ ላይ ነበር።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ወጣት አባቱ ከሞተ በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል። እሱ በቤቱ ውስጥ ይዞራል። እናቱ ሸሚዝ ትተኩሳለች። እህቱ መጋረጃ ትሰፋለች። ይሄ በሁለት ሰዓት ከሩብ።

እኔን ሆና የምትሠራዋ ልጅ ከአዲስ አበባ የመጣች ናት፤ ጥፍሯ ይሄን ያህል ነው። በዚያ ጥፍር እንኳን መጋረጃ ሊሰፋ ቁልፍም አይተከልም። እማዬን የሆነችው ሴትዮ የአባባን ሸሚዝ ስትተኩስ በጣም ከመቆየቷ የተነሳ፣ አጠገቤ እንቅልፍ ይዟት የነበረችው እማዬ ነቅታ አየቻትና «አሁንም እዚያው ሸሚዝ ላይ ናት? ሰነፍ!» ብላ ተመልሳ ተኛች።

ትልቁ ረብሻ የተነሳው በውሃው ላይ ነው። ልጁ ጄሪካን ቧንቧ ሥር ያስቀምጥና ፈዝዞ ይቆማል። ውሃው ይሞላል። ሰዉ ከውሃው ጋር አብሮ ሞላ፤ ግማሽ ደረሰ፣ አንገቱ ጋ ደረሰ፣ አፉ ጋ ደረሰ። ልጁ አልዘጋውም። ውሃው መሬት ላይ መፍሰስ ጀመረ። ወንድሜ ይሄን ያደረገው ልጁ በሐሳብ መወሰዱን ለማሳየት እንደሆነ በኋላ ነግሮናል። አዳማ ላይ ግን ውሃ በፈረቃ ነው። ውሃ ስትመጣ ሌሊትም ቢሆን ከአልጋ ተነስቶ በርሜል የሚሞላ ሕዝብ ፊት ውሃ አይደፋም።

«ዝጋው!»

«ኧረ ዝጋው፣ አንተ ልጅ!»

«በርሜል አምጡለት!»

ጸሐፊው ራሱ መዝገቡን ጥሎ ተነሳ። አዴ አንድ እጃቸውን ከዳቦው አላቅቀው ወደ ስክሪኑ ዘረጉ፣ «ያ ረቢ፣ ውሃው! ውሃው!» እያሉ። ቧንቧው ሳይዘጋ ምስሉ ሲቀየር አዳራሹ በአንድ ላይ አቃሰተ። ባለ ሻርፑ ሰውዬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «አየሽ? ሐዘኑ እንዴት እንደገባቸው!» አለኝ።

ጋሼ ደግሞ ከፊልሙ ግማሽ ጀምሮ ሌላ ነገር ይዟቸዋል። ወደ እኔ ዞር እያሉ በሹክሹክታ ይጠይቁኛል። «ድንኳኑ መቼ ነው የሚመጣው?» ጥቂት ቆይተው፣ «እድሩስ? ይሄ ቤት እድር የለውም?» እንደገና ቆይተው፣ «በዚህ ፊልም እኛ ሥራችንን ያልሠራን ተደርገናል» አሉ። ተቆጥተዋል። እንዳይወጡ ደግሞ የስም ጥሪ አለባቸው።

ከዚያ ስልኩ መጣ።

ባለ ጥፍሯ እህት የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ስልክ ትደውላለች። የወንድሟ ድምፅ ብቻ ይሰማል። «አባባስ?» ይላታል። «የለም፣ ሶደሬ ሄዷል። ጉልበቱን ብሎ» ትለዋለች፣ እየሳቀች። ስልኩን ትዘጋለች። ካሜራው እሷው ላይ ይቀራል። እህትየው ቀስ ብላ ጎንበስ ትልና ግንባሯን መኪናው ላይ ያለው ጨርቅ ላይ ትደፋለች። እንደዚያ ሆና ትቆያለች።

እኔ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንደዚያ አደርግ ነበር። በየእሁዱ። ሱቄን ዘግቼ፣ ብቻዬን ሆኜ። ለእማዬም ለማንም አልተናገርኩም። ህንድ አገር የነበረ ልጅ ይሄን ከየት አየው?

አዳራሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ። ቀጥሎ አንዲት ሴት «አንጀቷ እንዴት ቻለ!» አለች። ሌላዋም «ጎበዝ ልጅ! እህት ማለት እንዲህ ናት!» አለች። «በሩቅ አገር እንዴት ይነገረዋል! ልክ ናት!» ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ። ለእኔ እየተጨበጨበልኝ ነው፤ ግማሹ ዞሮ እያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ ልክ ነሽ የሚለኝ ሰው ስፈልግ ኖሬ፣ ይኸው ሁለት መቶው በአንዴ አለኝ። እኔ ግን ሦስት ረድፍ ከፊቴ የተቀመጠውን የወንድሜን ማጅራት ነበር የማየው። አልዞረም። አፈርኩ። በዚያ ጭብጨባ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

ፊልሙ አለቀ። ማለቁን ያወቅነው ጸሐፊው ተነስቶ ስም መጥራት ሲጀምር ነው። ሰዉ እፎይ ብሎ ሞቅ ባለ ድምፅ «አቤት!» አለ፤ ባለ ሻርፑ ሰውዬ አብሮ አጨበጨበ። እማዬ ነቅታ «አለቀ? ልጁ አገባ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቀጥሎ ወንድሜ መድረክ ላይ ወጣና ሐሳብ ያላችሁ ተባለ። ቀድመው የተነሱት ጋሼ ናቸው።

«ፊልሙ ጥሩ ነው፤ እርማት ግን ይፈልጋል። እድራችን ሦስት ድንኳን አለው። አንዱ አዲስ ነው። በዚህ ፊልም አንድም አልታየም። ሰው ሞቶ ድንኳን የማይተከልበት፣ ሰው የማይቀመጥበት ቤት የት አገር ነው ያለው? ልጁ ብቻውን ሲዞር ዋለ። ካርታ የሚጫወት እንኳ የለም!»

ሳቅ ሆነ። ወንድሜም ሳቀ። «ልክ ነዎት፣ ጋሼ። እኔ ስመጣ ግን ድንኳኑ ተነቅሎ ነበር» አለ።

አዴ ዳቦዎቻቸውን ጎናቸው ለተቀመጠችው ሴት አስያዙና ተነሱ። «ኢልመ ኮ» አሉት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንተን ሲያረዱህ ስንት ሰው ነበረ?»

«ዘጠኝ።»

«አለቀስክ?»

ወንድሜ ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ። «ልጀምር ስል አንድ ሰው ሰዓቱን ሲያይ አየሁ። አፈርኩና ተውኩት» አለ። ለሳቅ ያለው ይመስለኛል፤ ፈገግ ብሎ ነበር። የሳቀ ግን የለም። ሰዓቱን ያየው ዘመዳችን አራተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ እጁን ኪሱ ከተተ።

አዴ ወደ እድሩ ዳኛ ዞሩ። «ይሄ ልጅ አልተለቀሰለትም» አሉ። «የአባቱ ለቅሶ ለእኛ ነው የተለቀሰው። ለእሱ አልተለቀሰም።»

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ደንቡን ከኪሳቸው አወጡ። ደንቡን ለፊልም ይዘው መምጣታቸው ራሱ ያስቀኛል። አገላብጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ድንኳን ይተከላል ይላል። በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሆነ አይልም።» ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረው «አዲሱን አውጡት» አሉ።

ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ወንበር በጋሪ መጣ። ፊልም ሊያይ የመጣውም ለቅሶ ሊደርስ የመጣውም አንድ ላይ ገባ፤ ዳቦው ተቆረሰ፣ ንፍሮው ዞረ፣ አንድ ጥግ ላይ ካርታ ተጀመረ። ባለ ሻርፑ ሰውዬ ሻርፑን አውልቆ ወንበር ይደረድራል። ወንድሜን ከእማዬ አጠገብ ፍራሽ ላይ አስቀመጡት። መጀመሪያ የሚስቅበት ሰው ያለ መስሎት ዙሪያውን ያይ ነበር። ከዚያ ሴቶቹ የአባባን ነገር እያነሱ ማልቀስ ጀመሩ። ያን ዓመት ያለቀሱትን አልነበረም፤ እንደ አዲስ ነው ያወረዱት። አዴ አጠገቡ ቁጭ ብለው «ረቢ ሲ ሃ ጀጀቤሱ»፣ ፈጣሪ ያጽናህ እያሉ ጀርባውን ይዳብሳሉ። ወንድሜ ነጠላ ተከናንቦ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ልጅነቱ አለቀሰ። ሰዓቱን ያየ ሰው አልነበረም።

ሲረጋጋ ሰው በተራ እየሄደ አጽናናው። እኔም ተሰለፍኩ። በገዛ ቤቴ መሰለፌ ያስቃል፤ ዘልቄ መሄድ ግን አልደፈርኩም። ተራዬ ሲደርስ እግዚአብሔር ያጽናህ ልል ነበር፤ አልወጣልኝም።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ለምኑ?»

«ለዋሸሁህ። ሰባት ሳምንት ሙሉ።»

እሱ አፍንጫውን በነጠላው ጠረገ። «አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«አባባ መሞቱን። ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ።»

ደሜ ፈላ። ማን ነው አፉን ያልያዘው ብዬ ድንኳኑን በዓይኔ ቃኘሁ። «ማን ነገረህ?»

«አንቺ ነሻ። ደወልሽልኝ። ከዚያ በፊት በሕይወትሽ ደውለሽልኝ ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ነው። እሱ ሲደውል እንኳ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ የምዘጋ ሰው ነበርኩ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሻ።» በእጁ የያዘውን ዳቦ ቆረሰ። «እሁድ እስኪመጣ ቸኩዬ ነበር የምጠብቀው፤ ዛሬ ደግሞ የት ትልከው ይሆን እያልኩ። ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ አባባ እዚያ የነገርሽኝ ቦታ ሲሄድ አስባለሁ፤ ምን እንደሚለብስ፣ መንገድ ላይ ከማን ጋር እንደሚጣላ። ሰባተኛው እሁድ ላይ የምትልኪበት አገር አልቆብሽ፣ ገበያ ወጥቷል፣ አሁን ይመለሳል አልሽኝ። ለእኔ እሱ የሞተው ያን ቀን ነው።»

እሪ አልኩ። ካርታ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። ወንድሜ ራሴን ትከሻው ላይ አስደግፎ «በቃ፣ በቃ» ይለኝ ነበር።